ለክለብ ፊዚዮቴራፒስትነት ቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ፤ ኳስ ሜዳ ላይ ግን ሰርቼ አላውቅም

ፊዚዮዋ (እሁድ ማታ)

ሰላም ለቤቱ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከአንድ የፕሪምየር ሊግ ክለብ ጋር ቃለ መጠይቅ አለኝ። ለወንዶች ዋና ቡድን ፊዚዮቴራፒስትነት ነው። የክለቡን ስም ይለፈኝ፤ አገሩ ጠባብ ነው፣ ከእናንተ መሃል የአሰልጣኙ ሚዜ የነበረ አይጠፋም።

የተመረቅሁት ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። አሁን ሀዋሳ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጠዋት ጠዋት የምትገባው የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ትከሻዋ ደርቆ ነጠላ መልበስ ያቃታት የስኳር ህመምተኛ እናት ናት። ከእሷ ቀጥሎ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን የያዛቸው ጡረተኛ፣ ከዚያ ወገቡን ያመመው የባጃጅ ሹፌር፣ ከዚያ ሌላ ወገቡን ያመመው የባጃጅ ሹፌር። ኳስ ተጫዋች የማየው ልክ እንዳሁኑ ክረምት ገብቶ የሰፈር ውድድር ሲጀመር ነው። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ይመጣል፣ "አስር ቀን አረፍ በል" እለዋለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ከታክሲ መስኮት ሆኜ ሜዳ ላይ ሲሮጥ አየዋለሁ።

ማስታወቂያውን ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። "በስፖርት ህክምና የሰራ/የሰራች ቢሆን ይመረጣል" ይላል። ልቤ የተነሳው "የሰራች" የምትለዋን ሳይ ነው። ጸሐፊዋ ከሌላ ማስታወቂያ ገልብጣው ሊሆን ይችላል፣ እንጃ። አባቴ ቅዳሜና እሁድ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ የኖረ ሰው ነው፤ ሲሰማ ጎረቤት ጠርቶ "ልጄ ወጌሻ ልትሆን ነው" አለ። እናቴ ደግሞ "ከሠላሳ ወንድ ጋር ሆቴል ለሆቴል?" ብላ ሁለተኛውን ቡና ሳትቀዳ ተነሳች። አልፈርድባትም። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ክለቦቹን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ነው የሚካሄደው፤ አንዱ ከተማ ሳምንታት ተቀምጦ ወደሚቀጥለው መጓዝ ነው። ዓመቱ ግማሹ ሻንጣ ላይ ያልቃል።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ እንዲህ ዓይነት ቦታ ምን ይጠየቃል? በቃል ብቻ ነው ወይስ ሜዳ አውርደው ያሰሩኛል? ክለብ ውስጥ አለመስራቴን ቀድሜ ልናገር ወይስ እስኪጠይቁኝ ዝም ልበል? ደሞዝ "ስንት ትፈልጊያለሽ" ቢሉኝስ? ሴት መሆኔን በተመለከተ የሚመጣውን ጥያቄ እገምተዋለሁ፣ መልሱን ግን አላዘጋጀሁም። እና ደግሞ ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ሦስት ቀን አሳስቦኛል፦ ምን ልልበስ? ቀሚስና ጃኬት ለብሼ ሄጄ "እስቲ የዚህን ልጅ ጉልበት እዪ" ቢሉኝ መሬት ላይ እንዴት እንበረከካለሁ?


የድሮ ወጌሻ (ሰኞ ጠዋት)

ልጄ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ጉልበቴ እስኪከዳኝ አስራ አንድ ዓመት ከተቀያሪዎች ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ዲፕሎማዬ የነርስነት ነው፣ ሌላውን በስልጠናና በጩኸት ነው የተማርኩት። ስለዚህ ወረቀትሽ ከብዙዎቻችን እንደሚበልጥ አውቀሽ ግቢ። ሜዳ ላይ ግን ማንም ፊዚዮቴራፒስት ብሎ አይጠራሽም። ወጌሻ ነሽ። ቅር አይበልሽ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳይከፈት በፊት የዚህን አገር አጥንት የጠገነው ወጌሻ ነው። (የሰበረውም አለ፣ እሱን ሌላ ቀን።)

ልምዱን አትደብቂ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይይዙሻል። ሽባ የሆነ ሰው ተነስቶ እንዲራመድ ማድረግሽን ተናገሪ፣ እሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ልዩነቱ ሰዓቱ መሆኑን እንደምታውቂ አሳያቸው። ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ታይዋለሽ። ሜዳ ላይ ዳኛው ራስሽ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ፣ አሰልጣኙ ከመስመሩ ላይ እየጮኸ፣ ይቀጥላል ወይስ ይወጣል የሚለውን ደቂቃ ሳይሞላ ትወስኛለሽ። ሕጉንም አንብቢ። ዳኛው ሳይጠራሽ አትገቢም። ገብተሽ ያከምሽው ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳ ይወጣና ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ በዳኛው ፈቃድ ይመለሳል፤ ግብ ጠባቂ ግን እዚያው ይታከማል። እኔን ይህንኑ ጠይቀውኝ ግብ ጠባቂውን ረስቼው አሰልጣኙ የሳቀብኝን ሳቅ እስከዛሬ እሰማዋለሁ።

አንድ ጥያቄ በእርግጠኝነት ይመጣል፦ "ማንም ሳይነካው ብቻውን የወደቀ ተጫዋች ቢያጋጥምሽስ?" ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪያን ፎዌ በ2003 እ.ኤ.አ ሊዮን ላይ እንዲሁ ወድቆ ነው የሞተው። ዴንማርካዊው ኤሪክሰን በ2021 ኮፐንሃገን ላይ ወድቆ ደረቱን ተጭነውት፣ በማሽን ልቡን አስነስተውት በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር ተመልሶ ተጫውቷል። ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ "ምላሱን እንዳይውጥ እይዝለታለሁ" ብሎ ይመልሳል። አንቺ እንዳትዪው። ሰው ምላሱን አይውጥም፤ አፉ ውስጥ ጣት መክተት ጊዜ ማባከን ነው፣ ጣትም ይነከሳል። የማይሰማና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ ልቡ ቆሟል ብለሽ ደረቱን መጫን ትጀምሪያለሽ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ 30 ጊዜ ተጭነሽ 2 ትንፋሽ፣ እየሰራሽ ማሽኑንና አምቡላንሱን የሚጠራ ሰው በስሙ ታዢያለሽ። ከዚያ አንቺ ጠይቂያቸው፦ "ክለቡ የልብ ማስነሻ ማሽን አለው?" ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ራሱ መልስ ነው።

መርፌ የሚባል ነገርም አለ። "ኮች ቸኩሏል፣ ዴክሳ ውጊውና ይግባ" ይሉሻል። መርፌ መውጋት የሐኪም ስራ እንጂ የአንቺ አይደለም፣ ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ ከ2022 እ.ኤ.አ ጀምሮ ኮርቲዞንና ወንድሞቹ (ዴክሳም አንዱ ነው) በመርፌ መልክ የትም የአካል ክፍል ላይ ቢወጉ በዶፒንግ ሕጉ በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው፤ ከዚያ በፊት መገጣጠሚያ ላይ ይፈቀድ ስለነበር የድሮ ሰዎች አሁንም አያውቁትም። የህመም ማስታገሻው ትራማዶልም ከ2024 ጀምሮ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ይህን ከነዓመተ ምህረቱ ብትናገሪ ሌላ ወረቀት አያስፈልግሽም።

በመጨረሻ፣ ሁሉም ሰው ስለ ደሞዝ ይጠይቃል። አንቺ ስለ በረዶ ጠይቂ። በረዶው ከየት ነው የሚመጣው በዪ። እኔ የሃይላንድ ላስቲክ በውሃ እየሞላሁ ሆቴሉ ወጥ ቤት ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዶሮው ጎን እያስቀመጥኩ ነው የኖርኩት። በረዶ የሌለው ክለብ ሌላም ነገር የለውም።


ቡድን መሪ ነበርኩ (ሰኞ ከሰዓት)

እህቴ፣ ጋሼ ስለ ሜዳው ተናግረዋል፣ እኔ ስለ ጠረጴዛው ልናገር። ከወዲያ ማዶ ተቀምጬ ወጌሻም፣ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝም፣ ሹፌርም ቀጥሬያለሁ። ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰው ቢኖር አንቺን የሚቀጥርሽ አንድ ነው፣ እሱም ዋና አሰልጣኙ። የቀሩት ላለመቅጠር ምክንያት የሚፈልጉ ናቸው። ስትመልሺ ሁሉንም እዪ፣ ስትጨርሺ ግን ዓይንሽ እሱ ላይ ይረፍ።

ደሞዝ ላይ ቁጥር ከመጥራትሽ በፊት "የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ?" በዪ። በእኛ እግር ኳስ ተጫዋች የሚደራደረው በተጣራ ነው፣ ግብሩን ክለቡ ይሸፍናል። ቢሮ ሰራተኛው ግን ባልተጣራ ነው የሚቀጠረው። የህክምና ሰው መሃል ላይ ስለሆነ እንደ ጠየቀ ነው። ከላይኛው እርከን 35 በመቶ ግብር ሲነሳ፣ 7 በመቶ ጡረታ ሲነሳ፣ ሆቴል ውስጥ ተቀምጠሽ ቡና መጠጫ ሲያጥርሽ ያኔ ይገባሻል። ውሎ አበል በቀን ስንት እንደሆነ፣ የማሸነፊያ ማበረታቻ ለህክምና ክፍሉም ይደርስ እንደሆነ፣ ክፍል ብቻሽን ታድሪ እንደሆነ አስጽፊ። ውሉ ብዙ ጊዜ ሰኔ 30 ላይ ያልቃል፣ የከተማ ክለብ ከሆነ በጀቱም ያኔ ነው የሚዘጋው። ሙከራ ጊዜ ካሉሽ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም፤ "ግማሹን ዓመት እንይሽ" የሚባል ነገር የለም።

እኔ የነበርኩበት አንድ ክለብ ለአራት ወር አልከፈለንም ነበር። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ልምምድ አቁመው ሆቴሉ በረንዳ ላይ ካርታ ሲጫወቱ ወጌሻችን ብቻ ቦርሳውን ተሸክሞ ከክፍል ክፍል ይዞር ነበር። ለምን ብለው "ጉዳት ደሞዝ አይጠብቅም" አለኝ። ጥሩ ሰው ነበር፣ አሁን ፋርማሲ ከፍቷል።

ልብስ ላልሽው፦ ጥቁር ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ጠፍጣፋ ጫማ፤ ስኒከር በቦርሳ። አለቀ።


ሰማያዊው (ሰኞ ማታ)

ሁሉንም ብላችኋል ዋናውን ግን ዘለላችሁት። አሰልጣኙን ታዢዋለሽ ወይስ ትታዘዢዋለሽ? የቼልሲ ሐኪም የነበረችውን የዶክተር ኢቫ ካርኔሮን ታሪክ ያላወቀ ክለብ ደጃፍ መድረስ የለበትም። እኔ ቼልሲ ነኝ፣ ቀኑን አልረሳውም፤ በ2015 እ.ኤ.አ ነሐሴ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ከስዋንሲ 2 ለ 2፣ ግብ ጠባቂያችን ኩርቱዋ ቀይ አይቶ በአስር ሰው እየተጫወትን፣ በጭማሪ ሰዓት ሃዛርድ ወደቀ። ዶክተሯና ፊዚዮው ሮጠው ገቡ፣ ሃዛርድ ሊወጣ ግድ ሆነ፣ ዘጠኝ ቀረን። አሰልጣኛችን ሞሪንሆ አበደ። እኔም ያኔ ሶፋ ላይ ሆኜ አብጃለሁ፣ አልዋሽም። ጨዋታ ማንበብ አለብሽ እህቴ።


የድሮ ወጌሻ (ሰኞ ማታ)

አንተ ልጅ፣ የታሪኩን ጅራት ቆርጠህ ነው ያመጣኸው። የመሃል ዳኛው ራሱ ነው በምልክት የጠራቸው። ዳኛ ጠርቶህ፣ ተጫዋች ሳር ላይ ተኝቶ፣ ወጌሻ ውጤቱን አይቶ ይቀመጥ? ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2016 ሰኔ ላይ ክለቡ በይፋ ይቅርታ ጠይቋት ነው በስምምነት ያለቀው። ሞሪንሆማ ከዚያ በፊት ታኅሣሥ ላይ ተሰናብቷል። ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ግን ሰማያዊው ልክ ነው፣ ይጠይቁሻል። በሌላ ስም ይጠይቁሻል።


ከሲልቨር ስፕሪንግ (ማክሰኞ)

እኔ የኳስ ሰው አይደለሁም፣ ሽያጭ ነኝ፤ ግን አሜሪካ አገር ከአንድ የእግር ኳስ ክለብ ጋር ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁና አንድ ነገር ልጨምር። ስራው ትኬት መሸጥ ነበር፤ እዚህ አገር ከውጪ የመጣ ሰው ክለብ ውስጥ የሚገባበት ሰፊው በር እሱ ነው፣ መነሻ ደሞዙ ትንሽ፣ ቀሪው በኮሚሽን። ለምን እዚህ መስራት ፈለግህ ሲሉኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ኳስ እንደምወድ፣ በየዓመቱ ሐምሌ የሐበሾቹን ውድድር ለማየት ከከተማ ከተማ እንደምነዳ፣ አንዴ ዳላስ ድረስ እንደሄድኩ በስሜት ተረክሁ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ሰማችኝና ስልክ ያለበትን ጠረጴዛ አሳይታኝ "አሁን እኔ ባለፈው ዓመት የወቅት ትኬት ገዝቼ ቡድኑ ስለተሸነፈ የተናደድኩ ሰውዬ ነኝ፣ ደውልልኝና እንደገና ሽጥልኝ" አለችኝ። አፌ ደረቀ። ለካ ደጋፊማ ሞልቷቸዋል፣ ደጋፊው እኮ ትኬቱን የሚገዛው ነው።

እና እህቴ፣ አባትሽ ሬዲዮ እንደሚሰሙ አትንገሪያቸው። ክለቡ ባለፈው ዓመት ምን እንደጎደለው አጥንተሽ ሂጂ። ለሴትነቱ ጉዳይ ደግሞ፣ ሊዲያ ታፈሰ በ2015ም በ2019ም እ.ኤ.አ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ዳኝታ፣ አገር ቤት የወንዶቹን ጨዋታ በፉጨት ስትመራ የኖረች ናት። ሠላሳውን ሳይሆን ሃያ ሁለቱን ወንድ በአንድ ጊዜ። ለእናትሽ ንገሪልኝ።


ፊዚዮዋ (ማክሰኞ ማታ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ስለ በረዶው ስቄ ሞትኩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያልከውን ዛሬውኑ ጀምሬያለሁ፤ ባለፈው ዓመት ያደረጓቸውን አስር ጨዋታዎች ከስልኬ ላይ ፈልጌ ደብተር ይዤ እያየሁ ነው። ጎሉን አይደለም የማየው፣ ማን አነከሰ የሚለውን ነው። እናቴ "አሁን ደግሞ ኳስ ታይ ጀመር" ትላለች። ሐሙስ እመለሳለሁ።


ፊዚዮዋ (ሐሙስ ማታ)

ተመለስኩ። ረጅም ነው፣ ቡና ያዙ።

3 ሰዓት ብለው 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የገባሁት። ኮሪደሩ ላይ ሌሎች ሁለት ተወዳዳሪዎች ነበሩ። አንደኛው የድሮ ክለቡን ቱታ ለብሶ መጥቷል፣ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ እሱን ሳይ ቦርሳዬን አንስቼ ልሄድ ዳድቶኝ ነበር። ውስጥ አምስት ሰዎች፦ ስራ አስኪያጁ፣ ዋና አሰልጣኙ፣ ቡድን መሪው፣ ከከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው፣ እና ከቦርዱ አንድ ሐኪም። ሐኪሙ ስልካቸውን እየነኩ ነበር፣ ቀና ብለውም አላዩኝ።

"ክለብ ውስጥ ሰርተሻል?" የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አልሰራሁም አልኩ። ከዚያ አቋርጠው ወደሚቀጥለው ሳይሄዱ ደብተሬን አወጣሁ። "ካየኋቸው አስር ጨዋታዎች ውስጥ ሰባት ጊዜ ተጫዋች የኋላ ጭኑን ይዞ ወጥቷል፣ አምስቱ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ ሰው ነው፣ በሦስት ሳምንት ልዩነት" አልኩ። አሰልጣኙ ማነው አለኝ። የመስመር ተጫዋቹን ቁጥር ነገርኩት። ወደ ቡድን መሪው ዞረ፣ ቡድን መሪው መሬት መሬት አየ። ምን ታደርጊ ነበር አለኝ። ከልምምድ በፊት ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለውን ማሟሟቂያ፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ፣ አስራ አምስት እንቅስቃሴ፣ ከኳስና ከኮን በቀር ዕቃ የማይፈልግ፤ በተለይ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ተንበርክኮ፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት ቀስ እያለ ወደፊት የሚወድቅባትን እንቅስቃሴ። "ተጫዋቾቹ ይጠሏታል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ጭናቸውን ያማቸዋል፣ ስለዚህ እርስዎ ካልደገፉኝ አትሰራም" አልኩት። ይህን ያልኩት አስቤ አይደለም፣ ከአፌ ወጣ። ግን ከዚያ በኋላ "አንቺ" ማለቱን ትቶ "ፊዚዮዋ" ማለት ጀመረ።

የወደቀው ተጫዋች ጥያቄ መጣ። ጋሼ ቃል በቃል ነው የመጣው። ማሽን አላችሁ ወይ ስል እንዳሉት ጸጥ አለ። ሐኪሙ ያኔ ነው ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ የደፉት።

ከዚያ የሰማያዊው ጥያቄ በሌላ ስም መጣ። አሰልጣኙ ወንበሩን ወደፊት አስጠግቶ "ቅዳሜ ከመሪው ጋር እጫወታለሁ። አጥቂዬ ሐሙስ ልምምድ ላይ ጭኑን ይዞ ቆመ። ይደርሳል አይደርስም?" አለኝ። እየሮጠ ነው ወይስ ኳስ እየመታ? ድምፅ ሰምቷል? ዛሬ ደረጃ ሲወጣ ያመዋል? እያልኩ መልሼ ጠየቅሁት። ቀልድ መስሎት ነበር፣ ግን መለሰልኝ፣ ሳይታወቀው እውነተኛ ተጫዋች ነበር የሚያወራልኝ። "እንግዲያው ቅዳሜ አይደርስም" አልኩ። "እኔ ግን ይጫወታል ብልስ?"

ሌሊቱን ሁሉ የተለማመድኩት መልስ ጠፋብኝ። ያልኩት ይህን ነው፦ "ኮች፣ አሰላለፉ የእርስዎ ነው፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። የእኔ ስራ ቢገባ ምን ሊሆን እንደሚችል ቡድን መሪው ባሉበት ጽፌ መስጠት ነው። ጡንቻው ቢቀደድ አንድ ጨዋታ ሳይሆን ስድስት ሳምንት ያጡታል፤ ያንን አውቀው ካስገቡት ቦርሳዬን ይዤ አብሬዎት እቀመጣለሁ። የጭንቅላትና የልብ ነገር ከሆነ ግን እሱ አሰላለፍ አይደለም። ይወጣል። እዚያ ላይ እርስዎ ቢጮኹብኝም ይወጣል።" ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር፣ ልቀባባው አልፈልግም። ሰውዬው መልስ አልሰጠኝም። "ሜዳ እንውረድ" አለ ብቻ። ስኒከሩን ያስያዝከኝ ቡድን መሪ፣ ዕድሜህን ያርዝመው።

ታማሚ ሆኖ የቀረበልኝ የትጥቅ ኃላፊው ነው። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ እንደተጠመዘዘ ተነግሮት ሳሩ ላይ ተጋደመ። የት እንዳመመው ስነካው ይጮኻል፣ ሌላ ቦታ ስነካው ይጮኻል። ራጅ ያስፈልገዋል ወይ የሚለውን ለማወቅ የኦታዋ የሚባለው መለያ አለ፦ የቁርጭምጭሚቱ ሁለት እብጠቶች የኋላ ጠርዝ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ አጥንቱን መጫን፣ መሃል እግር ላይ ሁለት ቦታ መጫን፣ አራት እርምጃ መራመድ ይችል እንደሆነ ማየት። ሰውዬው ሁሉም ቦታ ሲጮኽብኝ ዘዴ መጣልኝና ቀስ ብዬ ግራውን፣ ጤነኛውን እግር ተጫንኩ። እሱንም ጮኸ። ልምምድ ላይ የነበሩት ልጆች ሳቃቸውን ለቀቁት፣ አሰልጣኙ ጭምር። "ይሄ ሰው ራጅ ሳይሆን የቲያትር ትኬት ነው የሚያስፈልገው" አልኩ። ነገሩ የተቃና መሰለኝ።

ግን አልተቃናም፤ ተመልሰን ስንቀመጥ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሰው "ትዳር ይዘሻል?" አለኝ። ይህ ለሌሎቹ ሁለቱ ተጠይቋል ወይ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። "አልያዝኩም" ብዬ መለስኩ፣ እስካሁን ያናድደኛል። ልጆቹ ልብስ ሲቀይሩስ ሲለኝ ግን ነቃሁ፦ "ክሊኒካችን ውስጥ ከማክማቸው ከግማሽ በላይ ወንዶች ናቸው፣ ማንም አፍሮ አልሄደም። መልበሻ ክፍል አንኳኩቼ ነው የምገባው። የህክምና ክፍል ግን በየሆቴሉ ለብቻው ይሰጠኝ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ነው የምሰራው።" ሐኪሙ ናቸው የተናገሩት፦ "ይሄማ ለወንዱም ሊኖር የሚገባ ነው፣ እስካሁን ኮሪደር ላይ ነበር የሚያክሙት።"

ደሞዝ ላይ አሁን ከማገኘው እጥፍ ጠራሁ፣ "የተጣራ" ብዬ። ስራ አስኪያጁ ውሃ ጠጣ። እናሳውቅሻለን አሉ።


ቡድን መሪ ነበርኩ (ሐሙስ ማታ)

ውሃ ከጠጣ ይከፍላል። የማይከፍል ስራ አስኪያጅ ወዲያው "እሺ" ነው የሚለው።


ሰማያዊው (ሐሙስ ማታ)

የጭንቅላትና የልቡን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እሺ፣ ካርኔሮ ልክ ነበረች። ለሞሪንሆ እንዳትነግሩት።


ፊዚዮዋ (ቅዳሜ ከሰዓት)

አሁን ደወሉ! ቡድን መሪው ነው። መርጠውኛል። ቡድኑ ፍልሰታ እንደተፈታ ለዝግጅት ይሰባሰባል፣ ውሉ እስከ ሰኔ 30። ገንዘቡ ከጠራሁት ትንሽ ወርዷል፣ የተጣራ ግን ነው። "ግማሽ ዓመት ሙከራ" ብለው ነበር፤ አዋጁን ስጠራ "ኧረ 60 ቀን ይበቃል" አለ እየሳቀ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ውሉ ላይ እንዲገባ ጠይቄያለሁ፦ የጭንቅላትና የልብ ጉዳይ ላይ የህክምና ክፍሉ ቃል የመጨረሻ ይሁን። "ለኮች እነግረዋለሁ" ብሎኛል። እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ፣ ካልገባ አልፈርምም ብያለሁ ለራሴ። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም። አባቴ ግን በሬዲዮ ያስነገረ ነው የሚመስለው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።


የድሮ ወጌሻ (ቅዳሜ ማታ)

ልጄ እሰይ! የጠየቅሽው ትክክል ነው፣ እንዳትለቂው። በረዶውንስ ጠየቅሽ?


ፊዚዮዋ (ቅዳሜ ማታ)

ጋሼ፣ ቢሮ ውስጥ ረስቼው ነበር። ስወጣ ያ የትጥቅ ኃላፊ እያነከሰ (አሁንም በቀኝም በግራም) በር ድረስ ሸኘኝና እሱን ጠየቅሁት። ግራ ቀኝ አይቶ ጆሮዬ ላይ "ከጁስ ቤቱ ነው የምንገዛው፣ እሱም መብራት ካለ ነው" አለኝ።


የድሮ ወጌሻ (ቅዳሜ ማታ)

የሃይላንድ ላስቲክ መሰብሰብ ጀምሪ።